ጸበሉ ያልነካው ምንጣፍ

ስለ መንፈስ ሲወራ ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ኋላ «ድሮም ትቃዥ ነበር» እንዳትሉኝ። በሰማንያዎቹ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ እዚሁ ኮሎምበስ፣ ሬይኖልድስበርግ የሚባለው ሰፈር፣ ጋሼ ያን የምላቸውን አንድ የቼክ ሽማግሌ አስታምም ነበር። ፒያኒስትም የሙዚቃ ደራሲም ናቸው፣ ሥራቸው እንዳይሰማ መንግሥት ቢከለክላቸው ነው ካገራቸው የወጡት። ስትሮክ ቀኝ እጃቸውን ቢወስደውም ለግራ እጅ ብቻ አንድ ሥራ ጀምረው፣ «ትንሽ ነው የቀረኝ» ይሉኝ ነበር። ልጃቸው ፒተር ታዲያ ምን አደረገ? ሐኪም ቤት ወስጃቸው ስንመለስ ፒያኖው የለም! «ቤቱን ልሸጠው ነው፣ ቦታ ያጣብባል» አለኝ፣ አባቱን ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ። እመኑኝ፣ ደሜ ፈላ፤ ያ ሁሉ መንግሥት ያቃተውን ይሄ ልጅ በአንድ ጠዋት ጨረሰው።

በማግስቱ ጋሼ ያን ወንበራቸውን ወደ ባዶው ቦታ አስጠጊልኝ አሉኝና ግራ እጃቸውን አየር ላይ ማንቀሳቀስ ጀመሩ። ይሁን፣ ንዴት ነው አልኩ። ግን ጣታቸው ባረፈ ቁጥር ቡፌው ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ፣ ሲያነሱት ዝም ይላሉ። የፒያኖው እግሮች ምንጣፉ ላይ የተዉት ጉድጓድም ቫኪዩም ሳደርገው ይነሳል ስል ጭራሽ ጠለቀ።

ለወዳጄ ለእትዬ አልማዝ ሥራ ቦታቸው ኮል አደረግኩ። «ከዋሽንግተን ያመጣሁልሽ ጸበል አለ አይደል? እርጪው! እኔማ እዚህ ግሮቭፖርት መጋዘን ሺፍት ላይ ነኝ፣ እንዴት ልምጣ» አሉኝ።

በጠራራ ፀሐይ በስመ አብ ብዬ ባዶው ቦታ ላይ ረጨሁት። ዙሪያው ራሰ፣ መሃሉ ግን፣ ልክ በፒያኖው ቅርጽ፣ ደረቅ! ደግሜ ረጨሁ፣ አንድ ጠብታ አልደረሰውም። ጋሼ ያን በቁጣ ጮኹብኝ፦

«ፒያኖ ላይ ውሃ ይረጫል? ክዳኑን ዝጊው!»

ከሰዓት ፒተር መጣ፣ «አባቴ ነገ ነርሲንግ ሆም ይገባል» ሊለኝ። ምንጣፉ ደርቋል፣ ምንም የሚታይ ነገር የለም፣ እሱ ግን ወደ አባቱ ሲሄድ ጎኑን ሰብሰብ አድርጎ ባዶውን ቦታ ዞሮ አለፈ።

«ምኑን ነው የዞርከው?» ብዬ ጮህኩበት።

ፊቱ አመድ መሰለ።

በማግስቱ ወሰዳቸው። እኔ ልብሳቸውን ልሰበስብ ብቻዬን ስገባ፣ ማንም ሳይኖር፣ ብርጭቆዎቹ እየተንጫጩ ነበር። ልብሱንም ሳልይዝ ወጣሁ። ያ የግራ እጅ ሥራ ይለቅ አይለቅ አላውቅም፣ ጋሼ ያንም ብዙ ሳይቆዩ አረፉ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ግን ፒተር ነው፦ ቦታው ባዶ መሆኑን ካመነ ለምን ዞረ? ፒያኖው እዚያ መሆኑን ካወቀስ፣ አባቱን ከፊቱ እንዴት አስነሳቸው?