ጆንያው ውስጥ የበራው ማተብ

አሮጊት ስትናገር ሰው ይስቃል። ያልተማረች አሮጊት ስትናገር ደግሞ ጭራሽ የሚሰማት የለም።

ለአገሬ ሽማግሌዎች ነገርኳቸው። "ሐዘን ነው እንዲህ የሚያሳይሽ" ብለው ራሴን ዳበሱኝ፤ እንደ ሕፃን!

እኔ ሸጊቱ ፊደል አልቆጠርኩም። ዓይኔ ግን አልጠፋም። ይኸን የምትጽፍልኝ ሳና ናት፤ አብረን ሰሊጥ የምናበጥር፣ እዚሁ ሱዳን ያደገች ልጅ። እሷም አይታለች። ስለዚህ አርፋችሁ ስሙኝ።

የሆነው ገዳሪፍ ነው፤ ሰሊጥ መጋዘን ውስጥ። ሌሊት እንዳይመስላችሁ... ቀን በስድስት ሰዓት ነው።

ልጄ ምንይችል ሰሊጥ ሊያጭድ ቁረይሻ ወደሚባለው እርሻ ወረደ። ሲሄድ አዲስ ማተብ አሰርኩለት። የጥጥ ክር አይደለም፤ ፕላስቲክ ነው። ሳብሪን የምትባል ባለሱቅ የምትሸጠው፣ ቀን ብርሃን ጠጥቶ በጨለማ አረንጓዴ የሚያበራ ገመድ።

"እማ፣ የሱቅ መብራት አደረግሽኝ እኮ!" ብሎ ሳቀብኝ።

"ዝም በል። የምትተኛው ሜዳ ላይ ነው። እባቡም አይቶህ ይሽሽ፣ ሰውም አይርገጥህ።"

በጭንቅላቱ እንዳይወልቅ አጥብቄ ቋጠርኩት። ጫፉን በክብሪት አቅልጬ አጣበቅሁት።

አጨዳው አለቀ። ሠራተኛው ሁሉ ተመለሰ።

ምንይችል የለም።

የእርሻው ወኪል፣ የሠራተኞቹ አለቃ ታምሬ ይባላል። የመተማ ሰው ነው፤ ወገን ነው ያልኩት። "ወደ አገር ቤት ተሻግሯል እትየ። እኔው ራሴ ድንበር ድረስ ሸኝቼዋለሁ" አለኝ።

መተማ አስደወልኩ። አልደረሰም።

አብረውት ያጨዱት ደግሞ መሬት መሬት እያዩ፣ "ከታምሬ ጋር ተጣልተው ነበር። ከዚያ ማታ ወዲህ አላየነውም" አሉኝ።

እኔም አላለቀስኩም። ታምሬ ሰሊጡን የሚያራግፍበት መጋዘን ለማበጠር ገባሁ። ዓይኔን በየቀኑ ይየው ብዬ።

ወራት አለፉ። ያን ቀን ሀቡብ ተነሣ። አቧራው ሰማዩን ሲሸፍነው ከሳና ጋር የቆርቆሮውን በር ዘጋነው። መስኮት የለውም። ድቅድቅ አለ።

ከሥር ከተደረደሩት ጆንያዎች አንዱ... በራ።

አረንጓዴ።

"ኻልቲ..." አለች ሳና በሹክሹክታ፤ አክስቴ ማለቷ ነው። "ስልክ ነው?"

"ስልክ አይደለም።"

"እጅሽን አታስገቢ። ወላሂ አታስገቢ!"

ጆንያውን ቀድጄ አስገባሁ።

ሰሊጡ ቀዝቃዛ ነው። ገመዱ ግን ይሞቃል... ገና ከአንገት እንደወረደ።

ክርስቲያን ማተብ መሬት ላይ አይጥልም። ነፍስ ያጠፋ እንኳ እጁ እሺ አይለውም። ስለዚህ ታምሬ ሰሊጥ ውስጥ ሸሸገው። ሰው መግደሉን አልፈራ፣ ማተብ መጣሉን ፈራ! ይኸን ጨዋ ተመልከቱልኝ።

ሳብሪን ስትሸጥልኝ፣ "ፀሐይ ካላገኘ ሳይነጋ ይጠፋል" ብላኛለች። ይኸ ግን ከአጨዳ ጀምሮ ጆንያ ውስጥ ነው።

ደግሞ ቋጠሮው አልተፈታም። አልተቆረጠም። ያቀለጥኩት ጫፍ እንዳለ ነው።

ታዲያ ከልጄ አንገት በየት በኩል ወጣ?...

በሩ ተንኳኳ።

ታምሬ ነው፤ ከአቧራው ሸሽቶ።

"እንደምን ዋላችሁ? ምነው በጨለማ?"

"ግባ። በሩን ዝጋው።"

ማተቡን ጨበጥኩት። በጣቶቼ መሃል ብርሃኑ ያፈተልካል።

"ልጄ የት ነው?"

"እንደገና? ተሻግሯል አልኩዎት እኮ። ማርያምን!"

ያን ሲል እጄ ውስጥ ቀዘቀዘ። ጠፋ።

በራ... አንገቱ ላይ።

አረንጓዴ ቀለበት። ከቆዳው ሥር።

እሱ አያየውም። ሳና ክንዴን ጨመደደችው።

"ምን ታያላችሁ?" አለ። አንገቱን አከከ። "ምንድን ነው?"

"ደግመህ ማል።"

"እትየ ሸጊቱ..."

"ማል አልኩህ!"

"ማርያ..."

ድምፁ ታነቀ። ቀለበቱ ጠበበ።

ያኔ ከማጅራቱ በኩል ሁለት አውራ ጣቶች አበሩ። እጅ የለም፣ ሰው የለም... ጣት ብቻ። ቋጠሮ የሚያጠብቅ ሰው እንደሚያደርገው፣ ቀስ... ቀስ...

ታምሬ በሩን በርግዶ ወጣ። በብርሃን ሳየው አንገቱ ላይ ምንም የለም።

አሁን ሾዋክ የሚባል ከተማ ነው አሉ። አንገቱን በሻሽ ጠምጥሞ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይውላል። ሲመሽ አምፖል ሥር ይቀመጣል። መብራት የጠፋ ለት ጩኸቱ ከሰፈር ሰፈር ይሰማል፤ ሰዎች ባትሪ ይዘው ሲደርሱም አንገቱን በራሱ ጥፍር ቧጥጦት ያገኙታል።

ይጩህ። ይበለው! ደስ አይለኝም ብዬ አልዋሽም።

ማተቡ እኔ ዘንድ ነው። ፀሐይ ላይ ባሰጣው፣ እሳት ባስጠጋው፣ አይበራም።

አንተ ታምሬ! ይኸን እንደምታነበው አውቃለሁ። ሽማግሌ አትላክብኝ፤ ይቅርታህንም አልፈልግም። ልጄን የት እንዳስገባኸው አሳየኝ። ራስህ ምራኝ፣ ራስህ ቆፍር፣ አጥንቱን በእጅህ አንሥተህ አስታቅፈኝ።

መብራት ሳይጠፋብህ ና።