እጅህን ኪስህ ክተት

እኔ ዴልፊና ስቆጣ አላምርም፤ ያን ነሐሴ ግን ጭራሽ አላማርኩም።

ዝናብ ብርቅ በሆነባት በሳን ፔድሮ ከተማ፣ ከባሕሩ በላይ ያለው ቤታችን ጓሮ ውስጥ አባቴ ሳይሞት የተከላቸው ባክዊት የሚባሉ ስድስት የዱር ቁጥቋጦዎች ነበሩ። የሰፈራችን ጥፍር የምታህል ሰማያዊ ቢራቢሮ ከነሱ አበባ ሌላ እንቁላል የምትጥልበት የላትም። እኔም ከአባቴ የቀሩኝ እነሱ ናቸው።

ጎረቤቴ ቶቢን ዝናብ ከማያባራበት ከኦሪገን የመጣ ነው። አጥር ለአጥር ስናወራ ስናወራ ተላመድን። ዓይኑ ዓይኔ ላይ ሲቆይ ወሬው ይጠፋኝ ነበር። ወድጄዋለሁ፣ ምን ይደበቃል። ፍሬዝኖ ከተማ ያለችው እህቴ ወልዳ ለሁለት ሳምንት ላርሳት ስሄድ ቁልፌን የሰጠሁት ለእሱ ነው።

«ድመቷን አብላልኝ» አልኩት። ስለ ቁጥቋጦዎቹ ትንፍሽ አላልኩም።

ስመለስ የውሃ ጎማው ጓሮ ተዘርግቷል። አፈሩ ጭቃ ሆኗል። አንዱን ቁጥቋጦ ስነካው ከነሥሩ እጄ ላይ ቀረ፤ ስድስቱም በስብሰዋል።

«አበባቸው ዝገት መስሎ ሲደርቅ የጠማቸው መሰለኝ» አለ ቶቢን። «ጠዋት ጠዋት አጠጣኋቸው።»

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር። ማን አጠጣ አለህ? እዚህ ነሐሴ በጋ ነው፤ እነሱም በጋውን ደርቀው ነው የሚያሳልፉት፤ ውሃ ያበሰብሳቸዋል።»

«ስትመጪ አምረው እንዲጠብቁሽ ብዬ እኮ ነው።»

«አባቴን ሁለተኛ አስቀበርከኝ» አልኩና ቁልፌን ተቀበልኩት። ስድስቱንም ነቅዬ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኳቸው።

አምስት ወር አላናገርኩትም። በደጄ ሲያልፍ ፊቴን አዞራለሁ፤ ካለፈ በኋላ ግን ጀርባውን አያለሁ።

በጥር፣ ዝናቡ ሲበረታ፣ በሬ ተንኳኳ። ቶቢን በተቆረጠ የወተት ካርቶን ግራጫ ቅጠል ያላቸው ችግኞች ይዞ ቆሟል።

«የጣልሻቸውን ደረቅ አበቦች ከቆሻሻው ለቀምኳቸው። ዘሩ ለካ ውስጣቸው ነው፤ ዘራሁት።»

«የአባቴ?»

«የአባትሽ። ያጠጣቸው ዝናቡ ነው፤ እኔ እጄ የለበትም።»

ሳቄ አመለጠኝ፤ እንባዬም ተከተለው። ዝናቡ ሳያባራ አብረን ተከልናቸው። በጋ ሲገባ «ጠብታ እንኳ?» እያለ ይለምነኛል። «እጅህን ኪስህ ክተት» እለዋለሁ።

በሁለተኛው በጋ አበቡ። አንድ ጠዋት አንዲት ሰማያዊ ቢራቢሮ መጥታ አበባው ላይ አረፈች። ቶቢን እንደታዘዘው ሁለት እጁን ኪሱ ከቶ ቆሟል።

«አሁንስ ላውጣው?» አለኝ በሹክሹክታ።

ቀኝ እጁን ራሴ ከኪሱ አወጣሁና ቁልፌን መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት።

«ይሄኛው አይመለስም» አልኩት። «ውሃ ግን ለድመቷ ብቻ።»