ሸክላው ምን ይፈራል?

ወደ ሥር የሚገባ ዕቃ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው ስለ ፍርሃቱ ነው። ብርጭቆ መመታት ይፈራል፤ ክትባት ሙቀት ይፈራል፤ በርበሬ እርጥበት ይፈራል። ክብደቱና የባለቤቱ ማንነት የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። የባቱ ከተማ ልጆች እንኳ ሲጣሉ «አንተ ምን ትፈራለህ?» ይባባላሉ፤ ከወላጆቻቸው ሥራ የቀሰሙት አነጋገር ነው።

ሥር የሚሉት አገሩን ከዳር እስከ ዳር በከርሰ ምድር የሚያገናኘውን የዕቃ መንገድ ነው። ዕቃው የሚጫንባቸው ሞላላ ሳጥኖች ፍሬ ይባላሉ። ፍሬዎቹን በየመንገዳቸው የሚመድበው ደግሞ አሻጋሪ የተባለው አስተዋይ መሣሪያ ነው። አሻጋሪ አካል የለውም፤ ዕቃ በሚገባበትና በሚወጣበት በየበሩ የሚሰማ ድምፅ ብቻ ነው። ለተጠየቀው ነገር መልስ ሲያዘገይ ማንም ሰምቶት አያውቅም።

እማዋይሽ በባቱ በር የጉዳት ገማች ናት። በመንገድ ላይ የተሰበረ ወይም የጠፋ ዕቃ ሲኖር በመድን ሰጪው ስም ታየዋለች። ከዚያም ዕቃው በመመለሻ ክፍል እንደነበረ ተደርጎ ይሠራል፤ የማይሠራ ከሆነ ካሳ ይከፈላል። በሁለቱም መንገድ ስብርባሪው የመድን ሰጪው ንብረት ይሆንና ወደ መፍጫ ይገባል። ይህን ሥራ የምትሠራው ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ባልደረቦቿ በፊቷ ባሎቻቸውን ማማት ትተዋል። ባይተዉት ትመርጥ ነበር።

የዚያን ዕለት ጠዋት ከፊቷ የተከፈተው ፍሬ ውስጥ በጥጥ የተጠቀለለ የሙዚቃ ሸክላ ነበር። ጥጡ ደህና ነው፤ ማኅደሩም ደህና ነው። ሸክላው ግን ፀሐይ እንደመታው የኮባ ቅጠል ጠርዙ ተጠቅልሏል።

«በየት በኩል ነው የመጣው?» አለች።

«በአሉቶ ተራራ ሥር» አለ አሻጋሪ። «ትኩሱ መንገድ ነው። ከእንፋሎቱ ጉድጓዶች አጠገብ ያልፋል፤ ነገር ግን ንዝረት የለበትም።»

«ሙቀት እንደሚፈራ አልተነገረህም?»

«ላኪው የተናገሩት ‹ሸክላ ነው› ብለው ነው። ሸክላ መመታት ይፈራል። እሳት አይፈራም፤ የተወለደው ከእሳት ነው።»

እማዋይሽ ሳቅ ሊያመልጣት ነበር። «ገንቦ መስሎህ ነዋ።»

«ገንቦ አልተባልኩም። ሸክላ ነው የተባልኩት።»

ምን ትመልሳለች? ሰው ይህን የዘፈን ጥቁር ክብ ሸክላ ማለት ከጀመረ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ጭቃ እንዳልነካው እያወቀ ሸክላ ይለዋል። በእሷ ዕድሜ እንኳ ሸክላ ተረስቶ፣ እንደገና ተወዶ፣ እንደገና ተረስቷል። ሰብሳቢዎች ብቻ እንደ ዓይናቸው ብሌን ይጠብቁታል። በአሻጋሪ ዘንድ ግን ስምና ነገሩ አይለያዩም።

ሸክላውን ወደ መመለሻ ክፍል ሰደደችው። በዚያ የብርሃን መርፌ አለ፤ ዕቃውን ሳይነካ በላዩ ላይ የተቀረጸውን የሚያነብ ጨረር ነው። እኩለ ቀን ሳይደርስ እንደ መስተዋት የለሰለሰ አዲስ ሸክላ በእጇ ገባ።

ባለቤቱ ከሰዓት በኋላ ከሐዋሳ በአውቶቡስ መጡ። ጋሽ ከሊፋ የተባሉ፣ ቀጭን፣ ጢማቸውን በጥንቃቄ የተከረከሙ ሽማግሌ ናቸው።

«ገማቿ አንቺ ነሽ?»

የድሬዳዋ ሰው መሆናቸው ወዲያው ገባት። ድሬዎች አንቱታ ላይ አይጨነቁም። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ አንቺ ብሎ የሚጠራት ሰው ከጠፋ ሰንብቶ ነበርና አልከፋትም።

«እኔ ነኝ። ይቀመጡ፣ ጋሽ ከሊፋ።»

«ቤቴን ሸጬ ልጄ ዘንድ መግባቴ ነው። የሰበሰብኩትን ሸክላ በሙሉ ለሚወዱት ሰዎች አከፋፈልኩ። ይህችን አንዷን ግን በጉያዬ ይዤ ልመጣ ነበር። ልጄ ‹እጅህ ይንቀጠቀጣል፣ ትሰብረዋለህ› ብላ በሥር አስላከችኝ። ይኸው፣ የኔ እጅ ያላደረገውን አደረጋችሁት።»

«ስህተቱ የእኛ ነው፤ አሻጋሪ ቃሉን በሌላ ተረድቶት ነው። ግን ተመልሶልዎታል።» አዲሱን ሸክላ አቀበለቻቸው።

ሽማግሌው ጠርዙን በጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ ራሳቸው ለመፈተኛ በተቀመጠው ማጫወቻ ላይ አስቀመጡት። ከበሮ ቀደመ፣ ጊታር ገባ፣ የወጣቶች ድምፅ ተነሣ። ከኋላ ጭብጨባ ይከተላል። የጠራ፣ የተስተካከለ ዘፈን ነው። ሲያልቅ ጋሽ ከሊፋ ወደ በሩ ተመለከቱ፤ የሚጠብቁት ሰው ያለ ይመስል።

«የታለች?» አሉ።

«ማን?»

«ነፊሳ ናታ፣ ሚስቴ። ጊታሩ የኔ ነው። ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ በአንድ ጋራዥ ነው የቀዳነው። የሚያጨበጭብ ሰው ጎደለንና ከጎረቤት እሷን ጠራናት። ሁሌ ከከበሮው ትንሽ ትዘገያለች። ጊታሩን ሳይ ነው ትላለች፤ እኔን ስታይ ነው እላለሁ እኔ። እስክትሞት ድረስ በዚህ ተጨቃጭቀናል። ድምፅዋ ሌላ የትም አልተቀዳም፤ ያለችኝ በዚህች ጭብጨባ ብቻ ነው።» ጣታቸውን ወደ ሸክላው ቀሰሩ። «እዚህ ውስጥ የሚያጨበጭበው ግን ወታደር ነው።»

እማዋይሽ ቀና አለች። «አሻጋሪ፣ ጭብጨባው ላይ ያደረግኸው ነገር አለ?»

«ከከበሮው ኋላ የሚቀር ጭብጨባ ነበረ» አለ አሻጋሪ። «የሙቀቱ ጉዳት ነው ብዬ አቃናሁት።»

«አቃናሃት?» አሉ ጋሽ ከሊፋ። «ዕድሜ ልኬን ሞክሬ ያቃተኝን አንተ በአንድ ጠዋት?» ፈገግታ አልነበራቸውም። ወደ እማዋይሽ ዞሩ። «አዲሱን ውሰጂ። የኔን ስጪኝ።»

«የእርስዎ ከእንግዲህ ማጫወቻ ላይ አይሽከረከርም፤ መርፌ አይቆምበትም።»

«ግድ የለም።»

«ግድ አለው፣ ጋሽ ከሊፋ። አዲሱ ተሠርቷል። የተጎዳው የመድን ሰጪው ነው፤ ዛሬ ወደ መፍጫ ይገባል። የፈረሙት ውል ይህንኑ ይላል።»

«እና ሚስቴን ልትፈጯት ነው።»

ቁጣ አልነበረበትም። የሰሙትን ነገር አጣርቶ እንደሚጠይቅ ሰው ነው ያሉት። እማዋይሽ ጠረጴዛው ላይ ያረፉትን እጆቻቸውን አየች፤ እውነትም ይንቀጠቀጣሉ።

ባሏ በሞተ ጊዜ ባልደረቦቿ በቸርነት የባሏን የተበላሸ የድምፅ ቅጂ በመመለሻ ክፍል አስመልሰው አምጥተውላት ነበር። ባሏ ስሟን ሲጠራ «እማ» ብሎ ያርፋል፤ «ዋይሽ» የሚለውን የሚጨምረው የሚናገረው ነገር የጠፋበት ይመስል ቆይቶ ነው። የተመለሰው ድምፅ ስሟን በአንድ ትንፋሽ ጠራው። አመሰገነቻቸው። አንድ ጊዜ ሰምታው መሳቢያ ውስጥ ከተተችው፤ ዳግመኛ አልከፈተችውም። ምኑ እንደጎደለ ግን ለማንም አልተናገረችም።

«አሻጋሪ፣ ያቃናኸውን ጭብጨባ እንደነበረ አድርገህ መልሰው» አለች።

«የሙቀቱንም መዘግየት አብሬ ልመልስ?»

«አይ፤ የእሷን ብቻ።»

«ከበሮውም አብሮ ከዘገየ የሙቀቱ ነው። ከበሮው በቦታው ሆኖ ጭብጨባው ብቻ ከቀረ የሴትየዋ ነው። በዚህ እለያቸዋለሁ።»

እንደገና ተሠራ፤ ሸክላ ላይ ከመቀረጹ በፊትም በአሻጋሪ በኩል ተሰማ። በዚህ ጊዜ ከከበሮው ኋላ፣ በር ላይ ቆማ ‹ልግባ ወይስ ይቅር?› እንደምትል ልጃገረድ፣ አንዲት ጭብጨባ ትዘገያለች። ጋሽ ከሊፋ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «መጣች» አሉ። እማዋይሽ ወደ መስኮቱ ዞረች። ከሐይቁ የሚመለሱ ጀልባዎች ነበሩ፤ እነሱን አየች።

ዘፈኑ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ተቋረጠ።

«እዚህ ላይ አልቻልኩም» አለ አሻጋሪ። «ሌላው ሁሉ ዝም ካለ በኋላ አንዲት ጭብጨባ ብቻዋን አለች። በጣም ዘግይታለች። ከበሮው ስለቆመ የምለካበት የለኝም። የዘገየችው ሴትየዋ ትሁን ወይም ሙቀቱ አላውቅም። ባለቤቱ ይንገሩኝ።»

«አሰማኝ» አሉ ጋሽ ከሊፋ።

ዘፈኑ አለቀ። ጸጥታ ሆነ። ከዚያ፣ ሰው ሁሉ ወጥቷል ከተባለ በኋላ፣ አንዲት ጭብጨባ።

«ድገመው።»

ደገመው። ሽማግሌው ግንባራቸውን በመዳፋቸው ያዙ።

«አላስታውስም» አሉ። ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። «ይህን ሁሉ ዘመን ስሰማው ኖሬ መጨረሻውን አላስታውስም። እዚህ ሳይደርስ መርፌውን ማንሳት ነበር ልማዴ። ሲያልቅ መስማት አልወድም ነበር።» ቀና አሉ። «አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊያለሽ?»

እማዋይሽ ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ የሥራ መልስ ነበራት፤ ‹ውሳኔው የእርስዎ ነው› የሚል። አፏ ላይ ደርሶ ነበር።

«የባለቤቴን ድምፅ አስመልሰውልኛል» አለች። «አንድም ስህተት የለበትም። ስለዚህ አልሰማውም።»

ጋሽ ከሊፋ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ነፍስ ይማር አላሉም፣ በስንት ዓመቷ ባሏን እንዳጣችም አልጠየቁም። ስለዚህም አመሰገነቻቸው፤ በልቧ።

«ተዋት እንደዚያው» አሉ ወደ አሻጋሪ ድምፅ። «እሷ ከሆነች እሷ ናት። ሙቀቱ ከሆነም፣ ሙቀቱ ያጨብጭብላት።»

«እሺ» አለ አሻጋሪ። «እማዋይሽ፣ ዕቃው እንደነበረ ተመልሷል ብለው ያረጋግጣሉ?»

«አላረጋግጥም። የመጨረሻዋ ጭብጨባ እንዴት እንደነበረች አናውቅም።»

«እንግዲያው አልተመለሰም ብለው ያረጋግጣሉ?»

«እሱንም አላረጋግጥም። ጉዳዩ ገና በምርመራ ላይ ነው። በምርመራ ላይ ያለ ጉዳይ ደግሞ ማስረጃው አይፈጭም፤ በባለቤቱ እጅ ይቆያል። አዲሱም ለማነጻጸሪያ አብሮት ይቆይ።»

«ምርመራው የሚያበቃው መቼ ነው?»

«የሚያስታውስ ሰው ሲገኝ።»

የጋሽ ከሊፋ ትከሻ በሳቅ ተነቃነቀ። «አቦ፣ አንቺ መድን ሰጪ አይደለሽም፤ ጠበቃ ነሽ።»

የተጠቀለለውንና ዳግም የተቀረጸውን አዲሱን ሸክላ በአንድ ላይ በጥጥ ሸፈነቻቸው። ሽማግሌው እጆቻቸውን እያዩ «በሥር ትልኪልኝ ይሆን?» አሉ። «ልጄ ያለችውም ውሸት አይደለም።»

ፍሬው ተከፍቶ ቀረበ። አሻጋሪ እንደ ልማዱ ጠየቀ።

«ዕቃው ምን ይፈራል?»

እማዋይሽ ‹ሙቀት› ልትል ነበር። ከእንግዲህ ሙቀት ምን ያደርገዋል? መመታትም አልነበረም መልሱ።

«መታረም» አለች።

«በዚህ ፍርሃት የተመደበ መንገድ የለኝም።»

«እንግዲያው በእጃቸው ይዘውት ይሄዳሉ።»

ጋሽ ከሊፋ ሸክላዎቹን ደረታቸው ላይ አቅፈው ተነሡ። በሩ ድረስ ሸኘቻቸው። እጆቻቸው ሲንቀጠቀጡ ማኅደሩ ከካፖርታቸው ቁልፍ ጋር እየተጋጨ፣ ጊዜውን ያልጠበቀ ቀጭን ድምፅ ያሰማል። እስከ አውቶቡሱ ድረስ ተሰማት።

ስትመለስ አሻጋሪ እየጠበቃት ነበር።

«አዲስ ፍርሃት መዝግቤያለሁ» አለ። «መታረም። ይህን ፍርሃት የሚጋራ ሌላ ነገር እንዳለ አላውቅም። ከየትኛው የዕቃ ዓይነት ጋር ልመድበው?»

«ከዕቃ ጋር አትመድበው» አለች እማዋይሽ።

መልስ አልመጣም። መብራቶቹ በርተዋል፤ ከታች ፍሬዎቹ ሲያልፉ ወለሉ በቀስታ ይርገበገባል፤ ሁሉም እየሠራ ነው። እማዋይሽ ኮቷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን አንሥታ፣ ደጃፉ ላይ ከደረሰች በኋላ ነው ድምፁ የመጣው።

«እሺ» አለ አሻጋሪ።

ቆም አለች። አሻጋሪ እንዲህ ሲዘገይ ሰምታ አታውቅም። ብልሽት ይሁን ሌላ ነገር የምትለካበት አልነበራትም። ደንቡ እንዲህ ያለውን መዘግየት ለጥገና ክፍል አሳውቁ ይላል፤ እዚያው እንዲያርሙት።

አላሳወቀችም።