የሦስት ብር ሳሙና

ባለሱቁ አቶ ጓንጉል ሞቶ የተገኘው ጓዳው ውስጥ፣ መላጫ ወንበሩ ላይ ነው። ራሱ ወደ ኋላ ተንጋልሏል፤ ጉሮሮው ከጆሮ እስከ ጆሮ ተከፍቷል፤ ጉንጩና አገጩ በነጭ አረፋ ተለቅልቋል። በሰቆጣ እንደ እሱ ተሞላቅቆ የሚላጭ ሰው አልነበረም፤ ሲሞትም እየተላጨ ሞተ ተባለ። ቀኑ ቅዳሜ ስለነበር ገበያተኛው እንዳለ ወደ ግቢው በር ጎረፈ። ግማሹ ሊያለቅስ ነው የመጣው፤ ግማሹ ሱቁ ዛሬ ይከፈት እንደሆነ ሊያይ።

የዋግ አውራጃ ፖሊስ መርማሪ መቶ አለቃ ወልደ ጻድቅ ሲደርስ ወንጀለኛው ተይዞ፣ ተገርፎና የፊጥኝ ታስሮ ጠበቀው። ፀጉር አስተካካዩ ምንዋጋው ነው። ምላጩ የእሱ፣ ደሙም በእጁ ላይ፤ ሌላ ምን ይፈለጋል? የአውራጃው ዳኛ ነገሩን እዚያው ቆመው ጨርሰውታል። ማክሰኞ ወደ ደሴ ይላካል፤ ተፈርዶበት ሲመለስ የሚሰቀለው እዚሁ ገበያ መሃል ነው። ሰዉ ከአሁኑ ዛፍ እየመረጠለት ነበር።

ወልደ ጻድቅ ለምንዋጋው አላዘነም። ሰው አያሳዝነውም ይሉታል፤ አልተሳሳቱም። ሌላ ሰው የጨረሰለትን ሥራ ግን አይወድም። ስለዚህ ሬሳው ላይ ጎንበስ አለ።

ደሙ አንገቱን ተከትሎ እስከ ደረቱ ወርዶ ደርቋል። አገጩ ሥር ግን አረፋው ደሙ ላይ ነው የተቀመጠው። ሥሩ ቀይ፣ ላዩ አንድም ጠብታ ያልነካው ነጭ። መቶ አለቃው በጣቱ ጫር አድርጎ ወደ አፍንጫው አስጠጋው፤ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል። ይህን ሽታ ያውቀዋል፤ ዛሬ ጠዋት የራሱን ጢም የላጨበት ሳሙና ነው።

በወርቃማ ወረቀት የተጠቀለለ፣ «አስመራ» የሚል ማኅተም ያረፈበት፣ አንዱ ሦስት ብር የሚሸጠው የጓንጉል ሳሙና! ጓንጉል በዓመት ሁለት ጊዜ በቅሎውን ጭኖ ብቻውን ይሄድና ይዞት ይመለሳል። ከዳኛው እስከ አስተማሪው በእሱ ያልተላጨ ሹም ሹም አይባልም። አረፋው ቅቤ ነው ይላሉ፤ ምላጩ ፊት መንካቱ አይታወቅም ይላሉ። ከዚያው ከዋግ፣ ከዝቋላ የምትመጣው ደብሬ ገበያ ጥግ ተቀምጣ በስሙኒ የምትሸጠውን የሞራ ሳሙና ግን ፊት ያሳክካል፣ ፍየል ፍየል ይሸታል ብለው ዞር ብለው አያዩትም።

መቶ አለቃው ዘበኛውን ገብረ አምላክን አስጠራ።

«ከንጋት ጀምሮ በዚህ በር ማን ገባ?»

«ምንዋጋውና ደብሬ ብቻ፣ ጌታዬ። ከውስጥ የሟቹ ጌታዬ ባለቤት እሜቴ ጥሩሐረግና የሟቹ ታናሽ ወንድም አሥራተ ማርያም ነበሩ። ሌላ ሰው አልፎ ከሆነ ዓይኔ ይጥፋ።»

ዘበኛው ከበሩ እንዳልተነቃነቀ ጎረቤት መስክሯል፤ አራት ሰው ነው ማለት ነው። ወልደ ጻድቅ ከታሰረው ጀመረ።

«ምላጭህ እዚያ ምን አደረሰው?»

«ቦርሳዬን ሳሎን ትቼው ነበር፣ ጌታዬ። አቶ ጓንጉል አልተነሡም አሉኝ፤ ውሃው እስኪሞቅ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ ልምጣ ብዬ ወጣሁ። ተመልሼ ጓዳ ስገባ ያንን አየሁ። ላቀናቸው ስል ነው ደሙ የነካኝ።»

«አረፋ ቀብተኸው ነበር?»

«እኔ? ኧረ አልነካኋቸውም!»

«ጓንጉልን በየትኛው ሳሙና ነበር የምትላጨው?»

እስካሁን ቶሎ ቶሎ ሲመልስ የነበረው ሰውዬ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

«እሱን አልናገርም።»

«አንተ ሰው፣ ልትሰቀል ነው እኮ!»

«በቅዱስ ሚካኤል አስምለውኛል፣ ጌታዬ። ቢሞቱም መሐላው አልሞተም። ብሰቀልም ሥጋዬ ነው የሚሰቀለው።»

መቶ አለቃው በጥፊ ሊለው እጁን አነሣና ተወው። በአንድ ቁራሽ ሳሙና መሐላ አንገቱን የሚሰጥ ሰው በጥፊ አይናገርም።

ደብሬ ግቢው ጥግ ባዶ ቅርጫቷን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ በአገሯ ቋንቋ በኻምጣኛ ለራሷ ታጉረመርማለች። የመቶ አለቃውን እናት የምታህል ሴት ናት።

«እማ ደብሬ፣ ምን ይዘው ነበር የገቡት?»

«ቅቤ፣ ልጄ። ለእመቤቲቱ።»

«እጅዎን ያሳዩኝ።»

መዳፏ ተልጦ፣ ጣቷ ተሰነጣጥቆ ነበር።

«ቅቤ እጅ አይልጥም፣ እማ ደብሬ። ሳሙና የሚፈላበት የአመድ ውሃ ነው የሚልጠው።»

አሮጊቷ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

በማግሥቱ ጓንጉል ተቀበረ። ዘመድ ሁሉ እንደ ወጉ ለሐዘኑ ራሱን ተላጨ፤ ላጪው ግን ታስሯል። ስለዚህ እርስ በርሳቸው በደነዘ ምላጭ ተጫጭረው፣ ዳሱ ውስጥ የተቀመጠው ለቀስተኛ ሁሉ ራሱ ቆሳስሏል። ወልደ ጻድቅ እግዜር ያጥናችሁ ለማለት በየተራ እየተጠጋ ጎንበስ ይል ጀመር። ትሕትናው ያልተለመደ ነበር፤ አንዳንዱም አመሰገነው። እሱ ግን የሚያሸተው የተላጨ ራሳቸውን ነበር።

ጥሩሐረግ ራስ ላይ የቅርንፉድ ሽታ የለም።

«ወይዘሮ ጥሩሐረግ፣ የሱቁ እመቤት ሆነው ለባልዎ ሐዘን የሦስት ብሩን ሳሙና ሰሰቱት?»

«ራሴን እንዲያነደኝ ነው?» አለችና አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ወደ ጓዳ ወሰዳትና አፈጠጠባት።

«ባልዎ በምን ነበር የሚላጨው?»

«ምን ያደርግልዎታል?»

«ምንዋጋው ሊሰቀል ነው።»

«ይሰቀል» አለች ድምጿ ሳይናወጥ። «የሱቁ ስም ከሚሰቀል እሱ ይሰቀል። እሱ አንድ ነፍስ ነው፤ እኔ ስድስት ልጆች አሉኝ።»

«ሰልስት ላይ ሰው ሁሉ ፊት ቢጠየቁ ይሻልዎታል?»

ጥሩሐረግ ዓይን ዓይኑን አየችው። የማያፍር ሰው መሆኑን ስታውቅ ተነፈሰች።

«በሦስት ብሩ ተላጭቶ አያውቅም። ቅርንፉዱ ፊቱን ይልጠው ነበር። በሩን ዘግቶ የሚላጨው እንዳያዩት ነው።» የቀረውንም አንድ በአንድ ነገረችው።

የጓንጉልን ታናሽ ወንድም ማሽተት አላስፈለገም። አሥራተ ማርያም ገና ከሩቁ ይሸታል። በቀይ ጭረት የተሞላ ራሱን እያሻሸ ደረቱን ይደልቃል።

«ለአያ ጓንጉል ክብር ነው፣ መቶ አለቃ! አንድ ሙሉ ሳሙና ጨረስሁለት። እሱ የሚላጭበትን ለእሱ ሐዘን ካላወጣሁት ለመቼ ነው?»

«እሱም በዚሁ ነበር የሚላጭ?»

«ታዲያ በምን? ፊቱ እንደ ሕፃን የለሰለሰው በምን ይመስልዎታል?»

«አስመራ አብረኸው ትሄድ ነበር?»

የአሥራተ ማርያም ፊት ተለወጠ። «አንድ ቀን አልወሰደኝም። ገበያ ወጥቼ የምጮህለት እኔ፣ የምምልለት እኔ፤ የሳሙናውን ጌታ ስም እንኳ ደበቀኝ። ግድ የለም፤ አርባው ሲወጣ እኔው ራሴ ሄጄ አገኘዋለሁ።»

ሰኞ ሰልስት ሆነ። ዳሱ በካህናትና በዘመድ ሞላ፤ ዳኛውም ከፊት ተቀምጠዋል። መቶ አለቃው ምንዋጋውን እንደታሰረ አስመጣው። ከዚያ የሞቀ ውሃና ሁለት ሳሙና አቀረበ፤ አንዱ በወርቃማው ወረቀት የተጠቀለለ፣ አንዱ በቅጠል ላይ የተቀመጠ።

«ጌታዬ ዳኛ፣ ፍርድ የእርስዎ ነው። አንዱን በቀኝ ጉንጭዎ፣ አንዱን በግራ ይሞክሩት።»

ዳኛው ፍርድ ይወዳሉ። በወረቀቱ የነበረውን ቀኝ ጉንጫቸው ላይ አሽተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ይህ ነው ሳሙና! ቅቤ!» የቅጠሉን በግራ ሲሞክሩ ፊታቸውን አኮሳተሩ። «ምን ይቆረቁራል! ፍየል ፍየል ይላል። አንሣልኝ!»

«አንድ ሳሙና ነው፤ ጠዋት በቢላዋ ለሁለት የከፈልሁት» አለ ወልደ ጻድቅ። ዳሱ ውስጥ አንድ ሰው ሳቀና በሳል አድበሰበሰው። «የሚበስለውም አስመራ አይደለም። እማ ደብሬ በፍየል ሞራና በአመድ ውሃ ዝቋላ ታፈላዋለች። ጓንጉል ቅርንፉድ አስገብቶ ወረቀት ያለብሰዋል። መጀመሪያ በስሙኒ ቢያወጣው ማንም አልነካውም፤ ሦስት ብር ሲለው ተሻማችሁበት። እኔም ገዝቻለሁ።»

ዳኛው አረፋው ጉንጫቸው ላይ እንዳለ ደርቀው ቀሩ።

«አሁን ስሙኝ። ሬሳው ላይ አረፋው ያለው ከደሙ በላይ ነው። ሲላጭ ቢታረድ አረፋው ደም በደም ይሆን ነበር። ገዳዩ አርዶ ከጨረሰ በኋላ ነው የቀባው። ለምን? ሰው ሁሉ ላጪው እየላጨ ገደለው እንዲል። ምንዋጋው ራሱ ላይ አይመሰክርም፤ ስለዚህ እሱ አይደለም።»

የታሰረው ሰውዬ ራሱን ቀና አደረገ።

«የተቀባው የቅርንፉዱ ሳሙና ነው። ጓንጉል ግን በእሱ አይላጭም፤ ፊቱን ይልጠዋል። የሚላጨው በደብሬ ልሙጥ ሳሙና ነበር። ሚስቱ ይህን ታውቃለች። ደብሬ ራሷ ነች የምታመጣለት። ምንዋጋው ያውቃል፤ መሐላውን ላለመብላት ብሎ ነው ገመድ የመረጠው። ከሦስቱ ማንም ያንን አረፋ ለማስመሰል አይመርጥም። የሚመርጠው ጓንጉል በሦስት ብሩ እንደሚላጭ ከልቡ ያመነ ሰው ነው። ግቢው ውስጥ እንዲህ ያመነ አንድ ብቻ ነበር፤ አሁንም ራሱ ላይ ተቀብቶታል።»

ሁሉም ወደ አሥራተ ማርያም ዞረ። እሱ ግን የሚያየው ደብሬን ነበር፤ የተላጠ መዳፏን።

«ሐሰት ነው» አለ። «የአስመራ ነው። ማኅተም አለው!»

«ማኅተሙን ደሴ ነው ያስቀረጸው» አለች ጥሩሐረግ፤ አሁን የሚደበቅ ነገር አልቀረላትም። «ላንተ ያልነገረህ እንድታምን ነው። ‹አሥራተ ማርያም ካላመነ ሰው አይገዛም› ይል ነበር። ስትምል እየሰማ ጓዳ ገብቶ ይስቅብህ ነበር።»

«ሐሰት ነው! እሱም እንዲሁ ብሎ ነው የቀለደብኝ!»

«መቼ?» አለ መቶ አለቃው ቀስ ብሎ።

አሥራተ ማርያም ጥያቄውን የሰማው አይመስልም። «ምላጩን ጉሮሮው ላይ አድርጌ የሰውዬውን ስም ንገረኝ አልሁት። ስሙን ብቻ! ‹አስመራ የሚባል ነገር የለም፣ ደብሬ ናት የምታፈላው› አለኝ። ሊሞት እንኳ እያየ ሊያሞኘኝ! የዝቋላ ፍየል! እኔ የምምልለትን!»

ጓንጉል ስለዚያ ሳሙና በዕድሜው አንድ ጊዜ እውነት ተናገረ፤ የታረደውም በዚያችው እውነት ነው።

ፖሊሶቹ አሥራተ ማርያምን ሲይዙት አልታገለም። ምንዋጋውን ፈቱት፤ ገመዱ ክንዱን አደንዝዞት እጁ ሁለት ጎኑ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ይቅርታ ያለው ሰው የለም። ዳኛው ጉንጫቸውን በካባቸው ጫፍ ጠርገው ወጡ። ደብሬ ቅርጫቷን አንሥታ ተከተለች፤ ማንም መንገድ አልለቀቀላትም።

ወደ እስር ቤቱ በሚወስደው አቀበት ላይ አሥራተ ማርያም ወደ መቶ አለቃው ዞረ።

«ሽታውስ?»

«ቅርንፉድ ነው አልሁህ።»

«የአስመራ ቅርንፉድ?»

«የሰቆጣ ገበያ። ወይዘሮ ጥሩሐረግ ናት የምትወቅጠው።»

አሥራተ ማርያም ቆመ። ሦስቱን ቀን ደረቱን ሲደልቅ፣ ሲያስለቅስ የነበረ ሰው አንድ እንባ አልወጣውም ነበር። አሁን መንገዱ መሃል ዘጭ ብሎ ተቀመጠና ሆዱን ይዞ አለቀሰ። ፖሊሶቹ ወንድሙን አስታውሶ መስሏቸው አዘኑለትና እስኪወጣለት ድረስ ቆመው ጠበቁት።