በሞቱ ቀን የዳነው እግር

ስንጥርን የጠሩት ሬሳው ከተነሣ በኋላ ነበር። ሁልጊዜም እንደዚያው ነው፤ አለቆቹ ሰው አስረው፣ ፎቶ ተነሥተው ሲያበቁ ነገሩ አልገጥም ሲላቸው «እስቲ ያንን ነገረኛ ጥሩት» ይላሉ። ከስምንተኛ ክፍል አላለፈምና የፖሊስ ማዕረጉ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ካለበት አልተነቃነቀም።

ሟቹ የጫማ ወርክሾፕ ባለቤት ናቸው። ትናንት ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት አልጋቸው ላይ በትራስ ታፍነው ተገኙ። የቀኝ እግራቸው ደም ሥር ጠቦ ስለነበር፣ በቆዳው የሚያልፈውን ደም ሌት ተቀን የምትመዘግብ ሳንቲም የምታህል መሣሪያ ከአውራ ጣታቸው ላይ በፕላስተር ተለጥፋላቸዋለች። ደሙ የቆመው ስምንት ሰዓት ላይ ነው ትላለች። በዚያ ሰዓት ቤት የነበረችው ልጃቸው ብቻ ናት፤ አሁን በካቴና ታስራ ሳሎን ተቀምጣለች።

«ማሽን አይዋሽም» አለ አለቃው።

«ሰው ያስዋሸዋል» አለና ስንጥር ወደ ልጅቱ ዞረ። «መቼ ገባሽ?»

«በስድስት ሰዓት። ገና በማለዳ ቆዳ ልገዛ ወጥቼ ነበር። አባዬ የተኛ መሰለኝ፤ ሲቀሰቅሱት ይሳደባል።»

«ስትጮኺ ማን ደረሰ?»

«አጎቴ። እግሩን አቅፎ አለቀሰ።»

«ወንድሜ አይደለም እንዴ! ምን ላቅፍ ኖሯል?» አለ በሩ ላይ የቆመው አጎትየው። «ከሁለት ሰዓት ጀምሬ ወርክሾፕ ነበርኩ፤ አምስት ሠራተኛ ይመስክር። ይልቅ ይቺን እባብ ያዟት! ወርክሾፑን ካወረሳት ገና ሳምንቱ ነው።»

«ለአንተስ ምን ሰጠህ?»

«‹እጅህ ወፍራም ነው፤ ጫማ ያበላሻል› የሚል ስድብ።»

ስንጥር መሣሪያዋን ስትከታተል የነበረችው ነርስ ያተመችውን የሰባት ቀን መስመር ከእጇ ተቀብሎ ዘረጋ። «ጤነኛ እግር እንዴት ነው የሚሆነው?»

«ጠዋት የቆዳው ደም ያንሳል፤ ወደ ማታ እየጨመረ ይሄዳል። የእሳቸው ግን ሌትም ቀንም ያው ነው፤ ዝቅ ብሎ የተጋደመ መስመር።»

«ትናንትስ?»

ነርሷ ወረቀቱን አየችና ድምፅዋ ቀነሰ። «ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ተቋርጧል። ከዚያ አራት እጥፍ ሆኖ ተነሣ... እስከ ስምንት ሰዓት ሽቅብ ነው።»

«ሰውዬው በሞቱ ቀን እግራቸው ዳነ በሉኛ!» አለ ስንጥር። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። የታፈኑት ልጅቱ እንደ ወጣች ነው። ገዳዩ መሣሪያዋን ነቅሎ በገዛ ጣቱ ለጠፋት፤ ይዟት ሥራ ገባ። ስምንት ሰዓት ላይ፣ ልጅቱ ቤት ብቻዋን ስትሆን፣ ነቀላት። ከዚያ ሲጠራ ሮጦ መጣና እግር አቅፎ እያለቀሰ መለሳት። እሷ በነፍስ ግድያ ቢፈረድባት ገዳይ አይወርስም፤ ወርክሾፑ የማን ሊሆን ነው?»

«ወሬ ነው!» አለ አጎትየው።

«ሠራተኞችህን ጠይቄ ነው የመጣሁት። በጋ ክረምት በነጠላ ጫማ የምትሠራው ሰውዬ ትናንት ካልሲ አድርገህ ዋልክ። ወንድምህ ምን እንደታመመ አንድ ቀን ጠይቀህ ቢሆን ኖሮ ደም ሁሉ አንድ አይመስልህም ነበር። አውልቅ!»

አላወልቅም አለ፤ ሁለት ፖሊሶች አወለቁለት። አውራ ጣቱ ላይ የፕላስተሩ ሰንበር ገና አልጠፋም።

«ሠላሳ ዓመት ጫማ ሠራሁለት» አለ ጥርሱን ነክሶ። «አንድ ቀን ‹እግዜር ይስጥልኝ› ብሎኝ አያውቅም።»

«እኔንም ማንም ብሎኝ አያውቅም» አለ ስንጥር። «ሰው ግን አልገደልኩም።»

ካቴናው ከእጅ ወደ እጅ ተሻገረ። አለቃው ፎቶ አንሺ አስጠራ። ልጅቱ አንጓዋን እያሸች፣ ስንጥርን በትከሻዋ ገፋ አድርጋ፣ አንድም ቃል ሳትተነፍስ ወጣች።