ከማሩ ሥር ያለው ጣዕም

በርሜሉ የለም።

ጠጅ ጣይዋ የውድድሩ አዳራሽ ምድር ቤት በር ላይ ደርቃ ቀረች። የዓመት ልፋቷ እንደ ጉም በኗል። የጠጅ ቅምሻው ውድድር ሊጀመር ጥቂት ቀርቶታል። ቁልፏም አልተሰበረም።

የፖሊስ መርማሪ ተጠርቶ ደረሰ።

«ማንን ይጠረጥራሉ?»

«ጢሞን ነዋ! ሌላ ማንን?»

ጢሞ አምናም ካቻምናም ከእሷ ቀጥሎ ሁለተኛ የወጣ ሰው ነው። ጠዋት መኪናውን እዚያው በር ላይ ያዩ ነበሩ። መርማሪው አዳራሹ ውስጥ አገኘው።

«ጠዋት እዚህ ምን ይሠሩ ነበር?»

«ብርጭቆ አወርድ ነበር። አዘጋጆቹን ይጠይቁ።»

«በርሜሉስ?»

«ጌታዬ፣ እኔ ላሸንፋት እንጂ ልሰርቃት አልመጣሁም!»

አዘጋጆቹም ቃሉን አጸኑለት። ጠጅ ጣይዋ ወሽመጧ ቁርጥ አለ።

መርማሪው ግን ወደ እሷ ዞሮ ፈገግ አለ። «ውድድሩ ይቀጥል። ሌባው ጠጁን የሚፈልገው ለዛሬ ነው። እርስዎ ከዳኞቹ ጋር ይቅመሱ። ተወዳዳሪዎቹ ደግሞ ከመቀመሱ በፊት ምን እንደጨመሩበት ይናገሩ።»

አንድ በአንድ ተናገሩ። የጠጅ ጣይዋ ታላቅ እህትም ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀርባ ነበር።

«ማር፣ ውሃና ጌሾ ብቻ» አለች ኮራ ብላ።

ጠጅ ጣይዋ ከእህቷ ጆግ የተቀዳውን ተጎነጨች። መጀመሪያ ማሩ መጣ። ዋጥ ስታደርገው ከሥሩ ሌላ ጣፋጭ ብቅ አለ፤ እንጨት እንጨት የሚል፣ የተቃጠለ ስኳር የመሰለ። ልቧ ዘለለ።

«የኔ ነው!»

«ምነው እቴ፣ ጠጅ ሁሉ ያንቺ ነው እንዴ?»

«እትዬ፣ እኔ ማሩ ላይ ሜፕል ከሚባል የፈረንጅ ዛፍ የሚቀዳ ጣፋጭ ሽሮፕ ጨምሬበታለሁ። ለአንድ ነፍስ እንኳ አልተናገርኩም!»

ዳኞቹ ደግመው ቀመሱት። ሽማግሌው ዳኛ ከንፈራቸውን ላሱ። «እውነቷን ነው። ሽሮፕ አለበት።»

አዳራሹ ተንጫጫ። መርማሪው ወደ እህትየዋ ዞረ።

«በገዛ ጠጅዎ ውስጥ ያለውን አያውቁም?»

እህትየዋ ጆጓን ወደ ራሷ ሳበች።

«መኪናዎን ይክፈቱልን።»

በርሜሉ ብርድ ልብስ ለብሶ ተኝቷል።

«ቁልፉን ከየት አገኙት?»

«ከጓዳዋ። እህት ቤት ስትገባ ማን ‹የት ነሽ› ይላል?» ማልቀስ ጀመረች። «ጠጅ መጣል ያስተማርኳት እኔ ነኝ። የሚጨበጨበው ግን ለእሷ ነው። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ በስሜ ሲቀመስ ልይ ብዬ ነው።»

መርማሪው ክንዷን ያዘ። ጠጅ ጣይዋ ግን ብርጭቆ ሞልታ መንገዳቸው ላይ ቆመች። ዓይኗ እንባ አቅሯል።

«እትዬ፣ አሁን አውቀሽ ቅመሺው። ምን ይጎድለዋል?»

እህትየዋ ቀመሰች። ማልቀሷን ሳታቋርጥ ፊቷን ቋጠር አደረገች።

«ሽሮፑ በዝቷል።»

ጠጅ ጣይዋ ሳታስበው ሳቋ አመለጣት። ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች አብራቸው ወደ ፖሊሱ መኪና ገባች። «ምን ያህል ልቀንስ?» አለች፣ በሩን እየዘጋች።