ምስር የምትሄድበት ቤት

«ያልሽኝን ሁሉ አሟልቻለሁ። ቤቷም ይኸው!» ይላል ከፎቶው በታች ያለው መልእክት።

ዊላ የምድር ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ፎቶው ላይ ባለ ሦስት ፎቅ የሽቦ ቤት ይታያል። የእንጨት መረማመጃ አለው፣ የድርቆሽ ማስቀመጫ አለው፣ የውኃ ጠርሙስ አለው። ምንም አልጎደለውም። ከታች ጥግ ላይ ግን አንዲት ቢጫ ነገር ብቅ ብላለች። ዊላ ምስሉን በሁለት ጣቶቿ ሳብ አድርጋ አጎላችው። የካልሲ ጫፍ ነው። ቀስ ብላ ወደ ራሷ እግር ተመለከተች። ያንኑ ቢጫ ካልሲ አድርጋለች።

ፎቶውን ባለፈው ዓመት ያነሳችው ራሷ ነበረች። ገዢዎች ምን ዓይነት ቤት ማዘጋጀት እንዳለባቸው እንዲያዩ እናቷ ሎሬን የእንስሳት ሽያጭ ማስታወቂያቸው ላይ ለጥፋው ነበር። ምስር የተባለችውን ግልገል ልትገዛ የጠየቀችው ሮክሳን ከዚያ ላይ ወስዳ፣ ዳር ዳሩን ቆርጣ፣ መልሳ ለዊላ ላከችው። ካልሲውን ግን ልብ አላለችውም።

ሌላ ገዢ ቢሆን ኖሮ ዊላ አንዲት ቃል ሳትጨምር ትዘጋው ነበር። የገዢን ጉድ ለምዳዋለች። ቺንቺላ የሚባለውን ትንሽ ጸጉራም እንስሳ የሚያረባ ሰው በእንስሳቱ አይማረርም፤ ድርቆሻቸውን እየበሉ፣ እንደ ዱቄት በላመ አመድ ውስጥ እየተንከባለሉ ገላቸውን እየታጠቡ በሰላም ይኖራሉ። የሚያማርረው ገዢው ነው። አንዱ «መንገድ ላይ ነኝ፣ ደረስኩ» ብሎ እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ነው። አንዷ የእንስሳው ቀለም ከሶፋዋ ጋር መሄዱን ለማየት የሶፋዋን ጨርቅ ቁራጭ ይዛ መጥታለች። አንዱ በአሮጌ ብስክሌት ካልቀየራችሁኝ ብሎ ደጃፍ ላይ ሲከራከር ውሏል። ውኃ የማይነካውን እንስሳ በሻምፑ አጥባ «አልደርቅ አለኝ፣ ምን ላድርገው?» ብላ የደወለችም አለች። «የመጨረሻ ስንት?» የማይል ደግሞ አንድም የለም።

እነዚህ ሁሉ ቢያናድዱም ያስቃሉ። የማያስቀው የቡሽ ነገር ነበር። ቡሽ አምና በሐምሌ አንድ ጨዋታ አዋቂ ሰውዬ የወሰደው ግልገል ነው። ሰውዬው መንገደኛ እንዲያይለት ብሎ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ሥር አስቀመጠው። ቺንቺላ የብርዳማ ተራራ እንስሳ ነው፤ ያን ሁሉ ጸጉር ለብሶ ሙቀት አይችልም። ቡሽ ሁለት ሳምንት እንኳ አልቆየም። ሰውዬውም «የታመመ ነው የሸጣችሁልኝ፣ ገንዘቤን» ብሎ ጻፈ። ሎሬን ያን ቀን እራት ሳትበላ ተኛች።

ከዚያ ወዲህ በእነ ዊላ ቤት ሁለት ደንብ ወጣ። መጀመሪያ፣ ገዢው ያዘጋጀውን ቤት ማሳየት አለበት። ሁለተኛ፣ ግልገሉን በእጁ ያሳደገው ሰው «ትሂድ» ካላለ ማንም የትም አይሄድም። ሎሬንም ብትሆን ዊላ ያሳደገችውን ያለ ዊላ ቃል አትሰጥም።

ምስርን ያሳደገችው ዊላ ናት። የምስር እናት ሦስት ወልዳ ወተቷ ለሁለቱ ብቻ ነበር የበቃው። ሦስተኛዋ ከሁሉም ያነሰች፣ መዳፍ ላይ የማትሞላ ግራጫ ነገር ነበረች፤ ለዚያ ነው ምስር የተባለችው። ዊላ የፍየል ወተት በመርፌ አልባ ሲሪንጅ ጠብ ጠብ እያደረገች፣ በሹራቧ ኪስ ውስጥ እያሞቀች ከሞት መለሰቻት። አሁን ምስር የዊላን ኮቴ ደረጃው ላይ ስትሰማ በሁለት እግሯ ትቆማለች።

ችግሩ፣ ሮክሳን ሌላ ገዢ አልነበረችም። አምና ትምህርት ቤት ውስጥ ዊላን በስሟ የሚጠራት አልነበረም። «አይጧ» ነበር የሚሏት። ምሳዋን ለብቻዋ መብላት ለምዳ ሳለ አንድ ቀን ሮክሳን ሳህኗን ይዛ መጥታ ፊት ለፊቷ ዘፍ አለች። «እዚህ ጋ አይጥ አለ ሲሉ ሰምቼ ነው» አለች። «እኔ ደግሞ አይጥ ነፍሴ ነው።» ዊላ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ከዚያ ቀን ወዲህ ብቻዋን በልታ አታውቅም።

ስለዚህ ያን ሐሙስ፣ ደረጃው ላይ፣ ካልሲዋን እያየች ረጅም ጊዜ አሰበች። መጨረሻ ላይ «ያምራል» ብላ ጻፈችና ላከችው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የኦሃዮ ነሐሴ እንደ ምጣድ ግሎ ነበር። የሮክሳን አባት ግሌን መኪናውን ደጃፉ ላይ አቁሞ ላቡን እየጠረገ ገባ። ሮክሳን ከኋላው እየዘለለች መጣች። ልደቷ የዚያኑ ዕለት ነው።

«ማታ ክፍላችን በሙሉ ይመጣል» አለች ደረጃውን ሲወርዱ የዊላን ክንድ ይዛ። «ሁሉም ተራ በተራ ያቅፏታል። ሙዚቃ ከፍተን ቪዲዮ እንቀርጻለን። ያብዳሉ እልሻለሁ!»

ምድር ቤቱ ቀዝቃዛ ነበር፤ ማቀዝቀዣው ቀንም ሌትም አይጠፋም። ግሌን በረጅሙ ተነፈሰ።

«ኧረ እዚህ ቤት ከሰው አይጡ ደልቶታል» አለ።

«አይጥ አይደሉም፣ አቶ ግሌን» አለች ሎሬን። ይህንን በሕይወቷ ስንት ጊዜ እንዳለችው እሷም አታውቀውም። «ይቀመጡ። ምስርን ዊላ ታወጣታለች።»

ዊላ ምስርን አውጥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት። ምስር ጆሮዎቿን አቁማ እንግዶቹን አሸተተች። ሮክሳን «ውይ፣ ታድላ!» ስትል ግሌን አጎንብሶ፣ ሎሬን «ቆይ» ሳትል በፊት፣ የድመት ግልገል እንደሚነሳ ምስርን ከጀርባዋ ጨበጣት። ምስር ተስፈንጥራ በዊላ ብብት ሥር ገባች። በግሌን እጅ ውስጥ የቀረው ባዘቶ የመሰለ የግራጫ ጸጉር ጭብጥ ነበር።

«ምንድን ነው ይሄ? ታማለች እንዴ?»

«አልታመመችም። ስትደነግጥ ጸጉሯን ለያዛት ትታ ታመልጣለች። ተራራ ላይ ከቀበሮ የሚተርፉት እንደዚህ ነው። መልሶ ይበቅላል።»

«እንግዲህ ጸጉሩ ከጎደለ ዋጋውም ይጉደል» አለና ግሌን በራሱ ቀልድ ሳቀ። ማንም አብሮት ስላልሳቀ ጸጉሩን በሱሪው ላይ ጠረገው። «ለማንኛውም የመጨረሻ ስንት ነው?»

«ዋጋው የነገርኩዎት ነው። አሁን የቀረው የዊላ ቃል ነው።» ሎሬን ወደ ልጇ ዞረች። «ቤቱን አይተሽዋል አይደል?»

ምስር በዊላ ብብት ሥር ትንቀጠቀጥ ነበር። የልቧ ምት ከሹራቡ በላይ ይሰማል። ሮክሳን ከሎሬን ጀርባ ቆማ ሁለት እጆቿን አገናኝታ ያለ ድምፅ «በናትሽ» አለቻት።

«አይቻለሁ» ብትል ውሸት እንኳ አይሆንም ነበር፤ ያንን ቤት በየቀኑ ታየዋለች። ሰኞም ምሳ አብረው ይበላሉ። ማታ ሙዚቃው ይከፈታል፣ ምስርም ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች፤ በያዟት ቁጥር ጸጉሯን እየተወች።

«ሮክሳን ያዘጋጀችውን ቤት አላየሁትም» አለች ዊላ።

«ፎቶ ልካልሻለች ብለሽኝ አልነበረም?»

«ልካለች። ፎቶው ግን የእኛው ቤት ነው። ማስታወቂያው ላይ ያለው። ጥጉ ላይ ያለው ካልሲ የእኔ ነው።»

ሁሉም ሳያስቡት የዊላን እግር ተመለከቱ። የሮክሳን ፊት እስከ ጆሮዋ ቀላ።

«የምን ፎቶ ነው?» አለ ግሌን። የምር ምንም አያውቅም ነበር። «ቤት እኮ ገዝተናል። መኪናው ውስጥ አለ።» ወጥቶ ይዞት መጣ፤ የአይጥ መጫወቻ ያለበት፣ ምስር ቀጥ ብላ ልትቆምበት የማትችል የፕላስቲክ ሳጥን። ከጠዋት ጀምሮ መኪናው ውስጥ ስለቆየ ግሏል።

«እጅዎን ያስገቡበት» አለች ሎሬን።

ግሌን አስገባና ቶሎ አወጣው። «እቤት ስንደርስ ይቀዘቅዛል» አለ፤ ግን ወደ ሎሬን አላየም።

«ዊላ?» አለች ሎሬን።

«አትሄድም።»

ግሌን ሳጥኑን አንጠልጥሎ ተነሳ። «የአንድ አይጥ ነገር እኮ ነው! ልጃችሁን ልናጭ የመጣን አስመሰላችሁት» እያለ ደረጃውን ወጣ። ሮክሳን ለአፍታ ወደ ኋላ ቀረች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ሙድ ያዝሽብኝ፣ አይደል? አባቴ ፊት!» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሰኞ አጠገቤ እንዳትቀመጪ።»

መኪናው ከሄደ በኋላ ሎሬን የተበተነውን ጸጉር ከወለሉ ላይ ለቀመች። ዊላ «ጎበዝ» እስክትባል ጠበቀች። አልተባለችም።

«ካልሲውን መቼ ነው ያየሽው?»

«ሐሙስ።»

«ዛሬ ቅዳሜ ነው።»

«አውቃለሁ፣ እማ።»

«አትሄድም ማለትሽ ልክ ነው። ሐሙስ ለብቻዋ ብትነግሪያት ግን ያቺ ልጅ በልደቷ ቀን አባቷ ፊት አትዋረድም ነበር።» ሎሬን ይህን ተናግራ የልጇን ጸጉር ዳበስ አድርጋ ወጣች። ዊላ ምስርን ወደ ቤቷ መለሰቻት። ማልቀስ ፈልጋ ነበር፤ አለቀሰችም። አልቅሳ ስትጨርስም ሐሳቧ አልተለወጠም።

እሑድ አንድ የማታውቀው ሰው «አለች? የመጨረሻ ስንት?» ብሎ ጻፈ። ዊላ ማስታወቂያውን ከፍታ አንድ መስመር ጨመረችበት፤ «የቤቱን ፎቶ ላኩ፤ እናንተም አጠገቡ ቁሙ።» ለሰውዬውም ያንኑ ላከችለት። ሰውዬው ድምፁ ጠፋ።

ሰኞ በምሳ ሰዓት ሮክሳን መስኮቱ ጋ ከሌሎች ልጆች ጋር ተቀምጣ ነበር። ዊላ ስትገባ ከመካከላቸው አንዱ የአይጥ ድምፅ አሰማ። እሷ ግን ሳህኗን እንደያዘች ቀጥ ብላ ሄዳ ሮክሳን ፊት ቆመች።

«አትቀመጪ ብዬሻለሁ።»

«አልቀመጥም። ሐሙስ ዕለት ለብቻሽ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር። ‹ያምራል› ብዬ ዋሸሁሽ። ለሱ ይቅርታ። ምስርን አልሰጥም ማለቴን ግን ይቅርታ አልልበትም።»

«አካበድሽ በቃ» አለች ሮክሳን ወደ ሳህኗ እያየች። «ልደቴም አለፈ።»

«ልደትሽ አንድ ቀን ነው። ምስር ሃያ ዓመት ልትኖር ትችላለች። አሁንም የምትፈልጊያት ከሆነ ትክክለኛ ቤት ሥሪላት። እንጨቱ እኛ ጋ አለ፣ መጋዝም አለ። ቀድሞ ሌላ ሰው ካዘጋጀ ግን ለሱ ነው የምትሄደው። ላንቺም ለሌላውም ደንቡ ያው ነው።»

ዊላ ጥግ ወዳለው የድሮ ቦታዋ ሄዳ ተቀመጠችና ምሳዋን በላች። ዳቦውንም እስከ መጨረሻው በላችው። ማክሰኞም እንዲሁ። ረቡዕም እንዲሁ።

ረቡዕ ማምሻውን ምድር ቤት ሆና የምስርን አመድ በሳህን እያዘጋጀች ሳለ ስልኳ ጮኸ። ከሮክሳን ነው። ጽሑፍ የለውም፤ ፎቶ ብቻ። የሽቦ ቤት አይታይበትም። ባዶ የመኝታ ክፍል ጥግ ነው፤ ወለሉ ላይ የመለኪያ ሜትር ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተዘርግቷል። ሜትሩን ረግጦ የያዘው፣ ፎቶው ጥግ ላይ ሳይቆረጥ የቀረው፣ የሮክሳን ባዶ እግር ነበር።

ዊላ ብዙ ልትጽፍ ቃጣት። ጽፋም አጠፋችው። ከዚያ ፎቶውን አጉልታ በደንብ አየችው፤ የሐሙሱን ያህል በደንብ። ሜትሩ ላይ የመጋረጃ ጥላና ደማቅ የፀሐይ ብርሃን አርፏል።

ምስር ሳህኑ ውስጥ ዘላ ገብታ አመዱን እያቦነነች መንከባለል ጀመረች። ዊላ አፍንጫዋን በክንዷ ሸፍና በአንድ እጇ ጻፈች።

«እዚያ ፀሐይ ይመታታል። ከመስኮቱ አርቂውና ደግመሽ ለኪ።»